ልብ የሰረቅኩበት ሰሞን

ሰኞ፣ ኅዳር 4 ቀን 2004

ተፈቀደልን! አቶ ግርማ ራሱ ደወለ። «የዳሰሳ ክፍሉ ለቅዳሜው ምረቃ ይደርሳል» አለኝ። አላመንኩም፤ አስደገምኩት። «ዳሰሳ?» «አዎ፣ ዳሰሳ። ጠረጴዛና ወንበርም አስገብተናል።» ወንበሩ ለምን እንዳስፈለገ አልገባኝም፤ ሰው ልብና ኩላሊት የሚዳስሰው ቆሞ ነው። ግን ወንበር ማን ይጠላል? አመስግኜ ዘጋሁት።

አቶ ግርማ አዲሱን የሳይንስ ሙዚየም የሚያስተባብረው ሰውዬ ነው። ሙዚየም ይበሉት እንጂ የድሮ የቡና መጋዘን ነው፤ ቀለም ተቀብቶም የጆንያ ሽታው አልለቀቀውም። ባለፈው ወር ለትምህርት ቤቶች ሲከፈት ተማሪዎቼን ይዤ ሄጄ ነበር። እንደኔው ማየት የተሳናቸው ናቸው፤ ሁሉንም ትምህርት የማስተምራቸው እኔ ነኝ። አስጎብኚው ገመዱ ጋ አስቁሞን «እንደምታዩት ይሄ የሰው ልብ ነው፤ ቀይ ነው» አለ። ተማሪዬ በላይነሽ «ምን ያህላል?» ብላ ጠየቀችው። «እንደምታዩት ነው፤ ትልቅ ነው።» ከዚያ ልቡን ሲከፍተው መሰለኝ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ። በላይነሽ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ቲቸር፣ ይከፈታል!» አለችኝ። እጇን ብትዘረጋ «አትንኪ! በእጅ መንካት ክልክል ነው!» ብሎ ጮኸባት። ከኋላችን የቆሙት ጎብኚዎች ደግሞ ከንፈራቸውን መጠጡልን። የዲላ ሰው ከንፈር ሲመጥ መናኸሪያ ድረስ ይሰማል።

ያን ዕለት ነው ማመልከቻ ያስጻፍኩት። «ማየት ለተሳናቸው የዳሰሳ ክፍል ይዘጋጅልን።» የጻፈችልኝ ባልደረባዬ «በእጅ የሚነካበት ክፍል ብትይው አይሻልም?» ብላኝ ነበር። እኔ አማርኛ ያጠናሁት ለምኔ ነው? መዳሰስን የመሰለ ቃል እያለ! ዳሰሳ አልኩ፣ ዳሰሳ ተጻፈ፣ ይኸው ዳሰሳ ተፈቀደ።

ይሄን በብሬል ነው የምወጋው። እቤት ውስጥ የሚያነበው የለም። እንደልቤ እደሰታለሁ፤ ሲያሻኝም እንደልቤ እሳደባለሁ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 6

የበሬ ልብ ገዝቼ ገባሁ። እማዬ ጩኸቷን አቀለጠችው። «በረቡዕ! በጾም ቀን! በዚያ ላይ ከሙስሊም ሥጋ ቤት!» «አልበላውም እማዬ፣ ላስተምርበት ነው።» «ድስቴን አስነክተሽው እንደሆነ ወዮልሽ!» በጋዜጣ ጠቅልዬ ጓሮ ወጣሁ።

በላይነሽ ከትምህርት በኋላ መጣች። ጣቷን ሰደደችበት። መጀመሪያ «እፉ!» አለች። ቀጥላ ጠርዝ ጠርዙን ተከተለች። ከዚያ «ቲቸር፣ ውስጡ ግድግዳ አለው!» ብላ ጮኸች። «በግራ በኩል ያለው ወፍራም ነው። ለምንድነው?» ደሙን ሩቅ የሚገፋው እሱ ስለሆነ ነው አልኳት። የሰውም እንዲህ ነው ወይ? ነው። ታዲያ ቅዳሜ የሰውን እንነካለን? እንነካለን አልኳት። ቃል ገባሁ።

ቃል የገባሁት ለሷ ብቻ አይደለም። አባቷ አቶ ጅግሶ ባለፈው ሳምንት ከገጠር፣ ከዱመርሶ መጥቶ ሊወስዳት ነበር። አማርኛው ሁለተኛ ቋንቋው ነው፤ ሴቷን ልጅ «እሱ» ነው የሚላት። «ልጄ ዓይን የለውም። ምን ያነባል? ተምሮ ምን ይሆናል?» ገደብ ከተማ፣ መናኸሪያው አጠገብ የሚኖር አጎቷ «እኔ ጋ ትሁን፣ እኔ አበላታለሁ» ብሎታል። አውቶቡስ የሚቆምበት ቦታ ዓይነ ስውር ልጅ ምን እንደምትሠራ ማን ያጣዋል? ጆንያ ተነጥፎላት፣ ሳህን ፊቷ ተቀምጦ! «እስከ ቅዳሜ ይታገሡኝ» አልኩት። «ምረቃው ላይ ይምጡ። ልጅዎ በሰው ፊት ልብን ከፍታ ታስረዳዎታለች። ካልቻለች ይውሰዷት።»

እሺ አለ። ቡና ለቀማው ግርግር ውስጥ ቀን ሰጠኝ። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ዓርብ፣ ኅዳር 8

ተለማመድን። ሦስት ጊዜ በደንብ አለችው፤ በአራተኛው ተንተባተበች። ተናድጄ «ገደብ ሄደሽ ለሳንቲም ልትንተባተቢ ነው?» አልኳት። ከመጀመሪያው ጀምራ ሳትሳሳት ጨረሰችው።

ምላሴን ቢቆርጡልኝ ጥሩ ነበር።

የሚያስፈልጉኝ ነገሮች፦ ንጹሕ ነጠላ። የበላይነሽ ዩኒፎርም ቁልፍ ይተከል። ለአቶ ጅግሶ የፊት ወንበር እንዲሰጠው ለአቶ ግርማ ይነገር። እንቅልፍ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 9

እጄ እየበረታ ወረቀቱን ቀድጄ ቀድጄ ጨረስኩት። ቀስ ብዬ ልጻፍ።

በሩ ላይ ለተሽከርካሪ ወንበር ብለው መወጣጫ ሠርተዋል። ለምረቃው ድምቀት ሲባል የአበባ ማሰሮ ደርድረውበታል። እኔ ራሴ አንዱን በዱላዬ ገፍቼ ጣልኩት። ይቅርታ አልጠየቅኩም።

አቶ ጅግሶ መጥቷል፤ ንጹሕ ኮት ለብሷል አለችኝ በላይነሽ፣ በእጇ አይታ። «ወደ ዳሰሳ ክፍል» አልኩ ደረቴን ነፍቼ። ጥበቃው ጋሽ ቱሉ መርቶ አስገባን። እጄን ዘረጋሁ። ጠረጴዛ። ወረቀት። እስክሪብቶ። ሌላ ክምር ወረቀት። «ልቡ የታለ?» አልኩ። አንዲት ልጅ በማር ድምፅ «ቁጭ በይ የኔ እናት። ስም ከነአያት?» አለችኝ።

የዳሰሳ ጥናት! የአካል ጉዳተኞች ፍላጎት የዳሰሳ ጥናት! እኔ በእጅ ስል፣ እነሱ በቅጽ! ወንበሩም ለዚሁ ኖሯል። ጉድ ነው! ቢሮ የገባ ቃል ተመልሶ ሰው አይሆንም።

ልጅቷ በላይነሽን አስቀምጣ ጥያቄዋን ቀጠለች። የጉዳቱ ዓይነት? ከመቼ ጀምሮ? መንስኤው? «ኩፍኝ» አለች በላይነሽ። ሙዚየሙን ሲጎበኙ በጣም የወደዱት የትኛውን ነው? «ምንም አልነካሁም።» «“ምንም” ልበል?» አቶ ጅግሶ ከኋላ ሆኖ በጥሞና ሲሰማ ቆየና «ምን ትሰጣላችሁ?» ብሎ ጠየቀ። ጥያቄውና መልሱ ሲጻፍ ሲያይ የእርዳታ ምዝገባ መስሎታል። ማን ይፈርድበታል? «እኛ አንሰጥም አባቴ፣ ዳሰሳ ብቻ ነው።» አውራ ጣቱን ቀለም ቀብተው አስፈረሙት።

አዳራሹ ውስጥ አቶ ግርማ ንግግር እያደረገ ነበር። «አበው ልብ ካላየ ዓይን አያይም እንዳሉት፣ ሙዚየማችን ማንንም ወደኋላ አልተወም።» ጭብጨባ። ጨርሶ ሲወርድ እጁን ያዝኩት። «አቶ ግርማ፣ መዳሰስ ማለት እኮ በእጅ ነው!» ሳቀ። «ውይ ቲቸር፣ አንቺ ደግሞ ቃል ትሰነጥቂያለሽ። ውጤቱ ሲተነተን የመንካቱም ጉዳይ ይታያል።» ይታያል! «አሁን አንድ ጊዜ ብቻ፣ ልጅቷ ልቡን ብትነካ፣ አባቷ ቆሟል» አልኩት፤ ለመንኩት፣ አዎ ለመንኩት። «ለአንዱ ከተፈቀደ ለሁሉ ነው፤ ይሰበራል» አለና ከእንግዶቹ ጋር ፎቶ ሊነሳ ሄደ። እኔንም ጠሩኝ፣ ለፎቶው። መሃል ላይ አቆሙኝ።

ስመለስ አቶ ጅግሶ የበላይነሽን እጅ ይዟል። «ቲቸር፣ አንቺ ጥሩ ሰው ነሽ። ግን አንቺንም እንደ ልጄ አታለሉሽ።» በላይነሽ አላለቀሰችም። «ቲቸር፣ ባለፈው ቀጭ ሲል ሰምቼዋለሁ አይደል?» አለችኝ ብቻ። ይዟት ሄደ።

እሑድ፣ ኅዳር 10

እማዬ «ምነው ቤተ ክርስቲያን አልሄድሽም?» አለች። ተኛሁ። እግዜር የጠየቀኝ እንደሆነም ተኝታለች በሉት።

ሰኞ፣ ኅዳር 11

በላይነሽ ክፍል አልመጣችም። አብረዋት የተከራዩት ልጆች «ትናንት አጎቷ ጋ ገደብ ሄደች» አሉ።

ከሰዓት ሙዚየሙ ጠራኝ፤ የዳሰሳው ውጤት ይቀርባል ተባለ። ሄድኩ። ለመሳደብ ነበር የሄድኩት። አቶ ግርማ ጉሮሮውን ጠርጎ አነበበ፦ «ማየት የተሳናቸው ጎብኚዎች ዋነኛ ችግር ማየት አለመቻላቸው መሆኑ በዳሰሳው ተረጋግጧል።» ማንም አልሳቀም! ስድቡ ሁሉ ጠፋብኝ።

ከዚያ ለሻይ ዕረፍት ወጡ። «አንቺ እዚሁ አረፍ በይ፣ ሻይሽ ይመጣልሻል።» ሻዩ አልመጣም። አዳራሹ ጭር አለ። ተነሳሁ። ግድግዳውን ተከትዬ ገመዱን አገኘሁት፤ በስሩ ሾለክሁ። መጀመሪያ እጄ ያረፈው አንድ የማላውቀው ነገር ላይ ነው፤ ቀጥሎ ልቡ ላይ። ቀዝቃዛ፣ ከባድ ፕላስቲክ ነው። ከጡጫዬ ከፍ ይላል። አውራ ጣቴ ጠርዙን ሲያገኘው ቀጭ አለ።

ይሄን ያህል ዘመን «ልብ አራት ክፍል አለው» እያልኩ ሳስተምር የሰውን ልብ ቅርጽ ስነካ የመጀመሪያዬ ነው። አለቀስኩ። በንዴት ይሁን በደስታ እንጃ። በላይነሽ ልክ ናት፤ በግራ በኩል ይወፍራል።

ከዚያ ዘጋሁት፣ በነጠላዬ ጠቀለልኩት፣ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ልቤ፣ የራሴው፣ ከበሮ ሆነ። ተመልሰው መጡ፣ ተሰበሰቡ፣ አጨበጨቡ፣ ተለያዩ። በር ላይ ጋሽ ቱሉ የሌላውን ሁሉ ቦርሳ ይፈትሻል። እኔ ጋ ሲደርስ «ከበደሽ እኮ ልጄ፣ ልያዝልሽ» ብሎ እስከ ባጃጁ ድረስ ተሸክሞልኝ ሄደ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 12

አቶ ግርማ ደወለ። ልቡ ጠፍቷል። «ሁሉንም እየጠየቅን ነው። አንቺንማ ምን ብለን! ብቻ እዚያ ስለነበርሽ፣ ኮቴ ምናምን ሰምተሽ እንደሆነ ብዬ ነው።» «ምንም አልሰማሁም» አልኩ። እፎይ አልኩ፤ ወዲያው ደግሞ ደሜ ፈላ። ሌባ ለመሆን እንኳ አልበቃሁም?

ሊዘጋ ሲል «በቃ ጥበቃው ነዋ፤ እስከ ሰኞ ካላመጣው እናሰናብተዋለን» አለ። ሽማግሌውን። ቦርሳዬን የተሸከመልኝን።

አሁን ልመልሰው? አሁን ከመለስኩት በላይነሽ አትነካውም። እስከ ሰኞ ጊዜ አለኝ። ክፉ ሆኛለሁ። ሐሙስ ገደብ እሄዳለሁ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 14

ፈቃድ ጠይቄ ሄድኩ። ሚኒባሱ በቡና ጆንያ ተጨናንቋል። ረዳቱ ሊያስከፍለኝ አፍሮ «ተዪው እማማ» አለኝ። እማማ! የናቱ ታናሽ ነኝ። ሒሳቡን እጁ ላይ ደቅኜ አስያዝኩት።

ገደብ የገበያ ቀን ነው። ሙዝ የምትሸጥ ሴት «ዓይነ ስውሯ? ዘማሪዋ?» ብላ መራችኝ። አጎትየው መዝሙር እያዘመራት ነው። ድምፅዋን ከሩቅ ለየሁት፤ ክፍል ውስጥ የዘመረች ቀን የለም። ጆንያዋ ላይ ከጎኗ ተቀመጥኩ። ሳልናገር በፊት «ቲቸር?» አለችኝ። «በምን አወቅሽ?» «ቅባትሽ።» ይሄን ስንባባል ጭኔ ላይ አንድ ነገር ወደቀ። ሳንቲም። «እግዚአብሔር ያውጣሽ፣ እናት» አለ አንድ ሰው። «ዲግሪ አለኝ!» ብዬ ጮኽኩበት። ሄዷል። በላይነሽ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ፤ ሳቁ መጨረሻ ላይ ሌላ ነገር ሆነብኝ።

ቦርሳዬን ከፍቼ ልቡን እጇ ላይ አስቀመጥኩላት። አውራ ጣቷ ጠርዙን ፈለገ። ቀጭ! «ከየት አመጣሽው?» «ሰረቅኩት።» «ውሸት!» እሷም አላመነችኝም።

ከዚያ ማንም ሳይጠይቃት ጀመረች። ይሄ የላይኛው ቀኝ ነው፣ ቆሻሻው ደም እዚህ ይገባል፣ ይሄ በር ነው፣ ወደኋላ አይመልስም፣ ይሄኛው ሩቅ ስለሚገፋ ግድግዳው ወፍራም ነው። አንድም ቦታ አልተንተባተበችም። ኮቴዎች ቆሙ። ሌሎች ጨመሩ። አንዱ «ሰይጣን የሚገባው በየትኛው በር ነው?» ብሎ ጠየቃት። «እሱ በጆሮ ነው የሚገባው» አለችው፤ ሰው ሳቀ። «ጆሮን ግን ገና አልተማርኩም።»

እሰይ ልል ስል ሳንቲሙ ይዘንብ ጀመር። ቅጭል፣ ቅጭል፣ ቅጭል። ትምህርቱን ልመና አደረጉባት! አጎትየው እየሮጠ መጣ። «ቲቸር፣ ይሄ ዕቃ ስንት ነው የሚሸጠው? ከመዝሙሩ እኮ ይሻላል!» በዱላዬ ብለው ደስ ባለኝ፤ የት እንደቆመ ግን በትክክል አላወቅኩም።

ያኔ ነው አቶ ጅግሶ የተናገረው። ለገበያ መጥቶ ከሰዉ ኋላ ቆሞ ሲሰማ ኖሯል። «ልጄ ተናገረ» አለ። «ሰው ቆመ። ሰማው።» ከዚያ ለአጎትየው በጌዴኦኛ የሆነ ነገር አለው። ቃሉን በሙሉ አልያዝኩትም፤ ምርቃት ግን አልነበረም።

«ዛሬውኑ ልውሰዳት?» አልኩት። «ቡና አለ። እናቱን ይያት። ሰኞ አመጣለሁ።» «እርግጠኛ ነዎት?» «ሰኞ አልኩ።» ልቡን ልቀበላት እጄን ብዘረጋ በላይነሽ አቅፋዋለች። «እስከ ሰኞ ቲቸር፣ በእግዚአብሔር!» ጨክኜ መንጠቅ አቃተኝ።

ሚኒባሱ ውስጥ ነው የገባኝ። ሰኞ ካልመጣች ልጅቷም የለች፣ ልቡም የለ፣ ጋሽ ቱሉም እንጀራው ተቆረጠ።

ሰኞ፣ ኅዳር 18

ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ነው የመጣችው። ከኋላ ወንበር ጠጠጠጠ የሚል የወረቀት መውጋት ሰማሁ። ያን አወጋግ አውቀዋለሁ፤ ወረቀት የሚቀድደው እሱ ነው። ማስተማሬን አላቋረጥኩም።

«ልቡስ?» አልኳት በዕረፍት ሰዓት። «አምጥቻለሁ። ግን አንዷ ክዳን የለችም። የአጎቴ ልጆች…» በግራ በኩል ያለችው፣ ወፍራሟ። አይ መከራዬ!

ከሰዓት ሁለታችን ሙዚየም ሄድን። ልቡን አቶ ግርማ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። «የሰረቅኩት እኔ ነኝ። የጎደለውን ክዳን ከደመወዜ ቁረጡ። ጥበቃው የለበትም።» በዚያ በለሰለሰ ድምፁ «ቲቸር፣ ሽማግሌውን ለማትረፍ ብለሽ ስምሽን አታጥፊ» አለኝ። «እኔ ነኝ እያልኩህ!» «እንዴት አድርገሽ? እስቲ እንዴት አየሽው?» «ዳስሼ!» ብዬ ጠረጴዛውን ደበደብኩት። ከንፈሩን መጠጠ። ልቡ ስለተገኘ ነገሩ ይዘጋ፣ ጋሽ ቱሉም ሥራው ላይ ይቆይ፣ ወሬ አይውጣ ብሎ ጨረሰ። ስሜን እንዲጽፍ ለመንኩት። እምቢ አለ።

ጋሽ ቱሉ በር ላይ ቆሞ ሁሉን ሰምቷል። «ለካ ያን ቀን የከበደኝ…» አለና ቆመ። «ያሸከምሽኝ እሱን ነው? አንቺ ክፉ! እጅሽ ይሰበር!» ያመነኝ እሱ ብቻ ነው። ይቅርታ ጠየቅኩት። ቦርሳዬን ከእጄ ቀማኝና እስከ ስፌቱ በረበረው፣ እንደ ማንኛውም ሰው ቦርሳ። ማን ያምነኛል፣ ደስ አለኝ። የበላይነሽን አልፈተሸም።

ባጃጅ ውስጥ ገብተን ትንሽ እንደሄድን እጄን ያዘችና የሆነ ነገር አስጨበጠችኝ። ቀዝቃዛ፣ ትንሽ፣ ጠማማ። «ምንድነው?» «እናንተ ስትጨቃጨቁ ሾልኬ ገመዱ ጋ ሄጄ ነበር» አለች። «ጆሮ ነው ቲቸር። እሱም ይከፈታል።»

«በላይነሽ! ጋሽ ቱሉ እኮ…» ልቆጣት ነበር። አውራ ጣቴ ግን ጠርዙን አግኝቶት ኖሮ ቀጭ አለ። ውስጡ ቀንድ አውጣ የሚመስል ነገር ተጠቅልሎ ተቀምጧል። መጽሐፍ ላይ ሺህ ጊዜ አንብቤዋለሁ።

ነገ ጠዋት እመልሰዋለሁ አልኳት። እሷ ዝም አለች። «እሺ፣ ከነገ ወዲያ» አልኩ።